«ነጋዴ»፣ «እስላም»፣ «ግራኝ»፦ ከወገዳ ሆነን ስለ ስም ስንከራከር



በወጣቶቻችን መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ክርክር አለ። «ግራኝ» የሚለው ስም ከመማሪያ መጽሐፍ ይውጣ፣ በዚህ ስም የሚጠሩ ድንጋዮችና ፍርስራሾች ስማቸው ይቀየር፣ ሙስሊሙን ላሳደዱ ነገሥታት የሚቆም መታሰቢያ ይቅር የሚሉ አሉ። «ስም ምን ያደርጋል? ተዉት!» የሚሉም አሉ። እኛ ጉዳዩን ከወገዳ፣ ማለትም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አገር ተነስተን ማየት መረጥን። እዚያ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ስም ደግሞ ጥቂት በሆነ ሕዝብ ላይ ይከብዳል።

አገሩ ራሱ ስሙ ሲቀያየር ኖሯል። በጌምድር ነበር፣ በደርግ ጊዜ ጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር ዞን ነው። ወገዳ አሁን በካርታ ላይ የስማዳ ወረዳ ከተማ ስም ነው። ለዚህ ሁሉ ለውጥ ገበሬውን የጠየቀው የለም።

ከእኛ ስሞች «ነጋዴ»ን እናስቀድም። በጎንደርና በበጌምድር የቆየ ሰው «እገሌ ነጋዴ ነው» ሲል ሱቅ አለው ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ሙስሊም ነው ማለቱ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ሙስሊም በአብዛኛው የእርሻ ርስት አይኖረውም ነበር። መሬት የሌለው ሰው እጁና እግሩ ይቀሩታል። በእጁ ሸማ ሠራ፣ በእግሩ ነገደ። በንግዱ ላይ የተሾመው ነጋድራስ እንኳ ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነበር። ቃሉ ሲሰማ ክብር ይመስላል፤ ውስጡ ግን መሬት የተነፈገ ሰው አለ። «ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የተባለውም ከዚሁ ነው። ይህን ተረት አያቶቻችን ከጎረቤት አፍ እየሰሙ ገበያ ወጥተው ገብተዋል።

በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሰፈራቸውም «እስላም ቤት» ሲባል ኖረ። ንጉሡን ታሪክ የሚያውቃቸው «ጻድቁ ዮሐንስ» በሚል ስም ነው። ስም ሰጪው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ሆኑ። እንደ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ያሉት እምቢ ብለው ታገሉ። ሌላው ስሙን ሰጥቶ ልቡን ያዘ፤ «ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም» የተባለው እሱ ነው። ስማዳን ከወሎ የሚለየው የበሽሎ ሸለቆ ነው፤ ይህ ለወገዳ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

አሁን ወደ ከባዱ ስም እንምጣ። ኢማም አሕመድ ቢን ኢብራሂም በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል አደረጉ፣ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ተገደሉ። በደጋው አገር ግን ፈርሶ የተገኘ ሁሉ «ግራኝ ያፈረሰው» ነው፤ ትልቅ ድንጋይ ሁሉ «የግራኝ ድንጋይ» ነው። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. የመዘገባቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች እንኳ ኢማሙ ከመወለዳቸው በፊት ቆመው ሳለ በአካባቢው ሰው በዚህ ስም ተጠርተዋል። በሌላ በኩል ውስጠኛው ሕንፃዋ ከጦርነቱ በፊት እንደተሠራ የሚታመነው የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ጋይንት ውስጥ እስከዛሬ ቆማለች።

ይህን ስንል የሆነውን ለመካድ አይደለም። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የራሳቸው ወገን ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን እሱ ራሱ ይተርካል። የክርስቲያን ጎረቤታችን ቁስል እውነተኛ ነው። «ግራኝ» ማለት ደግሞ በራሱ ግራ እጁን የሚጠቀም ሰው ማለት ብቻ ነው። የሚያሳምመው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የእስቴ ልጅ «የግራኝ ዘር» ሲባል ነው። መቆም ያለበት ይህ ነው። መምህሩ «ኢማም አሕመድ» ብሎ ቢያስተምር ለልጁ እፎይታ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለውን ድንጋይ ስም ለማስለወጥ መሟገት ግን ጉልበት ማባከን ይመስለናል።

በስም ጉዳይ የተሳካልን ቀን አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው ነበሩ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባል ይብቃ፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን አሉ። ልብ በሉ፣ ስሙ ብቻውን አልተጠየቀም። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ነበሩ፤ የመሬት ባለቤትነት፣ የመንግሥት ሥራና የበዓላት ጥያቄ አብሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የአገር በዓል ሆኑ። ያ ስም መብት ከልክሎ ስለነበር መታገል ተገቢ ነበር።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎ ትርጉም ያለውን ስም ይቀይሩ ነበር፤ ዓሲያ የተባለችውን ሴት ጀሚላ ብለዋታል። በሑደይቢያ ግን ቁረይሾች «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ከውሉ ይሰረዝ ሲሉ፣ ዓሊ (ረ.ዐ) አልሰርዝም ቢሉ፣ እሳቸው ራሳቸው አስፍቀው «ሙሐመድ የዐብዱላህ ልጅ» አስባሉ። ሁለቱንም ያደረጉት አንድ ነቢይ ናቸው።

እኛን የበለጠ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ሌላው የሰጠንን ስም ለማስፋቅ ስንሟገት የራሳችንን እየፋቅን ነው። የሸይኾች ቀብር፣ ሐድራ፣ መንዙማ ላይ ያለውን የፊቅህ ክርክር ለዑለሞች እንተወው። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የጻፉ የዐጀሚ ወረቀቶች፣ ልጆች የቀሩባቸው ሎሆች፣ በእጅ የተገለበጡ ኪታቦች ግን የማንም ክርክር አይደሉም። ሽማግሌው ሲሞቱ ቤት ይጸዳል፣ ወረቀቱም አብሮ ይጣላል።

በ2011 ዓ.ም. እስቴ ውስጥ መስጂዶች ተቃጠሉ። መስጂድ በአልሐምዱሊላህ መልሶ ይሠራል። ግን በወገዳ ስላሉ መስጂዶች፣ መቼ ተሠሩ፣ መሬቱን ማን ሰጠ፣ የመጀመሪያው ኢማም ማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የት ሄዶ ያንብብ? የቆየ ፎቶ እንኳ ማን ቤት አለ?

ስለዚህ ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ከተማ፣ ከመካነ ኢየሱስ ቤተሰብ ያላችሁ ወንድምና እህቶች፦ ለዒድ ስትገቡ አያቶቻችሁን አስቀምጡና ድምፃቸውን ቅዱ። ቤተሰቡ መጀመሪያ ከየት መጣ? ሸማ ይሠራ ነበር ወይስ ይነግድ? መሬት መቼ አገኘ? ማን አስቀራቸው? አሮጌ ኪታብ ካለ ከቤት አታውጡት፣ በስልካችሁ ገጽ በገጽ አንሱት፤ የመጨረሻውን ገጽ አትርሱ፣ የገልባጩ ስምና ዓመተ ሂጅራው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በውስጥ መስመር ላኩልን፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ስሙን አናወጣም።

ወሏሁ አዕለም።