አሲድን የሚቋቋም የጭስ ማውጫ፦ ከባተርሲ ማማዎች የተገኘ ትምህርት

በለንደን ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳርቻ የቆሙት 4ቱ ነጫጭ የባተርሲ ኃይል ማመንጫ የጭስ ማውጫዎች ከከተማይቱ መለያ ምልክቶች መካከል ይቆጠራሉ። ዛሬ የሚታዩት ግን የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። ለአሠርት ዓመታት አሲድ አዘል ጭስ ያለፈባቸው ነባር ማማዎች ተሰነጣጥቀውና በውስጣቸው ያለው ብረት ዝጎ በመገኘቱ፣ እ.አ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ፈርሰው በቀድሞ ቅርጻቸው እንደገና ተሠርተዋል።

አሲዱ ከየት ይመጣል?

ድንጋይ ከሰልና ከባድ የነዳጅ ዘይት ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ ይዘዋል። ነዳጁ ሲነድ ድኙ ወደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ከዚያም ጥቂቱ ወደ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ የኋለኛው ከውሃ ተን ጋር ተዋሕዶ ሰልፈሪክ አሲድን ያስገኛል። ጭሱ ትኩስ እስከሆነ ድረስ አሲዱ በተን መልክ ወደ ውጭ ይወጣል። የግድግዳው ሙቀት ከአሲዱ የጤዛ ነጥብ በታች ሲወርድ ግን ፈሳሽ ሆኖ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ይህ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል።

የሲሚንቶ ተፈጥሯዊ የአልካሊ ባሕርይ በአርማታ ውስጥ ያለውን ፌሮ ከዝገት ይጠብቃል። አሲድ ይህን ጥበቃ ያፈርሳል። የዛገ ብረት ደግሞ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ጭስን ማጠብ ያስከተለው ፈተና

ባተርሲ በ1930ዎቹ ሥራ ሲጀምር የከተማው ነዋሪዎች ጭሱ ይጎዳናል ብለው በመስጋታቸው ጭሱ በውሃ እንዲታጠብ ተደርጓል። እጥበቱ ድኙን ቢቀንስም ጭሱን አቀዘቀዘው፣ አረጠበውም። በዛሬዎቹ የኖራ ድንጋይ ማጠቢያዎችም ጭሱ የሚወጣው 50 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ በውሃ ተን ተሞልቶ ነው። ስለዚህ ለአየሩ የሚበጀው ንጽሕና ለጭስ ማውጫው የበለጠ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

የንድፉ መሠረታዊ መርሆች

ዋናው መፍትሔ ሥራን መከፋፈል ነው። የውጭው የአርማታ ቅርፊት ነፋስንና የመሬት መንቀጥቀጥን ይቋቋማል፤ ጭሱ የሚያልፈው ግን ለብቻው በተሠራ የውስጥ ቱቦ ነው። በሁለቱ መካከል የሚተወው ክፍተት ባለሙያዎች ገብተው ቱቦውን እንዲመረምሩና እንዲጠግኑ ያስችላል።

ለውስጥ ቱቦው የሚመረጠው ቁስ እንደ ጭሱ ጠባይ ይለያያል። አሲድ የማይበላው ጡብ ሙቀትን ይችላል፤ ሆኖም እርጥበት በመጋጠሚያዎቹ በኩል ሊያልፍ፣ ጡቡንም ሊያሳብጥ ይችላል። ፋይበር ግላስ ቀላልና ለእርጥብ ጭስ ተስማሚ ሲሆን፣ ማቀዝቀዣው ቢበላሽና ትኩስ ጭስ በድንገት ቢመጣ ግን ይጎዳል። የኒኬል ቅይጥና ቲታኒየም ጠንካሮች ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ውድ በመሆኑ ብዙ ጊዜ በተራ ብረት ላይ እንደ ስስ ሽፋን ይለበጣሉ።

ከቁሱ ባሻገር፣ በቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ የሚወርድበት ቦይ ያስፈልጋል። የጭሱም ፍጥነት መጠኑን ካለፈ ጠብታዎችን ከግድግዳው ነቅሎ በአካባቢው ላይ ያዘንባቸዋል።

ከድንጋይ ከሰል ውጭ

ችግሩ በድንጋይ ከሰል ብቻ የሚወሰን አይደለም። አንዳንድ ፕላስቲኮች ክሎሪን ስላላቸው ቆሻሻ ሲቃጠል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጠራል። በአዲስ አበባ በ2018 እ.አ.አ. እንደተመረቀው የረጲ ማመንጫ ያሉ ጣቢያዎችም ጭሳቸውን ሲያጣሩ ይህንኑ ማሰብ ግድ ይላቸዋል። ክሎራይድ ተራውን የማይዝግ ብረት እንኳ እየቦረቦረ ይበላዋልና።

የጭስ ማውጫ ሲበላሽ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ማመንጫም ሥራውን ያቆማል። የቱቦው ዋጋ ሊመዘን የሚገባው በግንባታው ቀን ወጪ ብቻ ሳይሆን፣ ጣቢያው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሁሉ ነው።