ከቀይ ባሕር ሥር የተገኘው መርከብ የማን እጅ ሥራ ነው?

ሰሞኑን ስለ ቀይ ባሕር የማያወራ የለም። ወደቡ፣ የጦር ሰፈሩ፣ የኃያላኑ ሽኩቻ በየቀኑ ይነሣል። ባሕሩን ሲኖሩበትና ሲነግዱበት ስለነበሩት ሰዎች ግን ብዙም አንሰማም። ዛሬ ስለ አንድ የሰመጠ መርከብ እናውራ።

ግብፅ ውስጥ፣ ከሁርጋዳ በስተደቡብ፣ በሳዳና ደሴት አጠገብ አንድ ግዙፍ የንግድ መርከብ ከባሕር ሥር ተኝቷል። በሼሪል ዋርድ የሚመራ የአርኪዮሎጂ ቡድን ከ1995 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. አጥንቶታል። ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ወርዱ 18 ሜትር ገደማ ነው። ከተገኙት የመዳብ ዕቃዎች በአንዱ ላይ 1178 ዓመተ ሂጅራ የሚል ተቀርጿል፤ ይህም 1764 ወይም 1765 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። ያኔ በጎንደር የነገሡት አፄ ኢዮአስ ነበሩ።

ጭነቱ የዘመኑን ገበያ ያሳያል፦ የቻይና ፖርሴሊን፣ ዕጣን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮኮናት፣ የሸክላ ውሃ መያዣዎች። ቡናም አለ፤ ከኢትዮጵያ ምድር ተነሥታ፣ በየመን ተስፋፍታ ዓለምን የያዘችው ቡና።

ተመራማሪዎቹን ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ጭነቱን የተሸከመው እንጨት ነው። መርከቡን እንደ ጎድን አጥንት የሚያቅፉት ግንዶች ተራርቀው የቆሙ ናቸው። አሠራሩ ከአውሮፓም፣ ከሜዲትራኒያንም፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ከሚታወቀው የመርከብ አሠራር ጋር አይገጥምም። ታዲያ የማን ጥበብ ነው?

አንድ ፍንጭ አለ። በ1762 እ.ኤ.አ. ከስዊዝ ወደ ጅዳ የተጓዘው ካርስተን ኒቡር፣ እንጨቱና ብረቱ ከካይሮ በግመል እየተጫነ ስዊዝ ላይ መርከብ ይሠራ እንደነበር ጽፏል። ይህ ብቻውን የሳዳናው መርከብ እዚያ ተሠራ አያሰኝም። በበረሃ ዳር ትልልቅ መርከብ የሚያቆሙ ባለሙያዎች እንደነበሩ ግን ይመሰክራል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዚያን ዘመን የባሕር ታሪክ የምናነበው በአብዛኛው ከፖርቱጋል፣ ከሆላንድና ከእንግሊዝ መዝገብ ነው። ኦቶማኖች ግን የአውሮፓ መርከቦች ከጅዳ ወደ ሰሜን እንዳያልፉ ይከለክሉ ነበር። ስለዚህ በጅዳና በስዊዝ መካከል ይመላለስ የነበረው ትልቅ ንግድ በአካባቢው ነጋዴዎች እጅ ነበር፤ አውሮፓውያኑ ስላልነበሩበትም በመዝገባቸው ብዙ ቦታ አላገኘም። መዝገብ ዝም ሲል የሚናገረው ሳንቃው ነው።

የሚያሳዝነው፣ አጥኚዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ጠላቂዎች ቦታውን ዘርፈውት ነበር። ዘራፊ የሚፈልገው ሰሐን ነው፤ እንጨቱን አይፈልገውም። ሰሐኑን ለማውጣት ሲቆፍር ግን ለዘመናት አሸዋ የሸፈነውን እንጨት ያጋልጠዋል፣ ያበሰብሰዋል። የሠሪዎቹ ማንነትም አብሮ ይጠፋል።

ከስዊዝ እስከ ዘይላ፣ በምጽዋም ፊት ጭምር፣ ይህ ባሕር የነጋዴ መንገድ ነበር። ሥሩ ያለው ቅርስ ሳይዘረፍ እንዲጠና መጠየቅ ከወደብ ክርክሩ ያነሰ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ባሕሩን የኔ ነው የሚል ሁሉ፣ ትናንት መርከብ የሠሩበትን ሰዎች ቢያውቅ ክርክሩም ይበስላል።