ከድረ ገጽ የወረደ ሰነድ ሳይጎድልና ሳይለወጥ መድረሱን ስለማረጋገጥ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሳጉሬ የሚኖር ተገልጋይ የአገልግሎት ቅጽ ከድረ ገጽ ሲያወርድ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ሊገጥሙት ይችላሉ። አንደኛው ኔትወርክ በመቆራረጡ ሰነዱ ጎድሎ መድረሱ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ግን ሰነዱ ሆን ተብሎ የተለወጠ፣ ለምሳሌ ክፍያ የሚፈጸምበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር የተተካበት መሆኑ ነው።

ሰርቨር ማንኛውንም ሰነድ ሲልክ ከይዘቱ አስቀድሞ ራስጌ ወይም ሄደር የሚባሉ አጫጭር መግለጫዎችን ይልካል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኮንቴንት-ሌንግዝ የይዘቱን መጠን በባይት ይናገራል። የደረሰው መጠን ከተገለጸው ካነሰ ሰነዱ አልተሟላም፤ እንደገና ሊወርድ ይገባል። መጠኑ እኩል ሆኖ ሳለ ይዘቱ የተለወጠ እንደሆነ ግን ይህ ራስጌ ምንም አይናገርም።

ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ኮንቴንት-ዳይጀስት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አርኤፍሲ 9530 በተባለው ሰነድ ተደንግጎ የ2002ቱን ዳይጀስት የተባለ ራስጌ ተክቷል። ራስጌው ከይዘቱ የተሰላ አሻራ ይይዛል፤ በይዘቱ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ማውረዱ ተቋርጦ ከቆመበት ለቀጠለ ሰነድ የሚያገለግለው ግን የሙሉውን ሰነድ አሻራ የሚይዘው ሪፐር-ዳይጀስት ነው።

አሻራውን የሚያመሳክር ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሻ-256 በተባለው ስልት የተሰላ አሻራ በራስጌው ውስጥ በ44 ምልክቶች ይጻፋል፤ በኮምፒውተር ላይ የሚገኙት የማስያ መሣሪያዎች ግን ያንኑ አሻራ አብዛኛውን ጊዜ በ64 ምልክቶች ያሳያሉ። ልዩነቱ የአጻጻፍ ስለሆነ፣ ከማነጻጸር በፊት አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ይዘቱን ጨምቆ ልኮት ከሆነም አሻራው የተጨመቀው ይዘት እንጂ የተከፈተው ፋይል አይደለም።

የተለመዱት ማሰሻዎች ይህን ማመሳከር በራሳቸው አያከናውኑም፤ ራስጌውን የማይልኩ ድረ ገጾችም ብዙ ናቸው። ከዚህም በላይ ሰርቨሩን የተቆጣጠረ ወይም ሐሰተኛ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው ይዘቱንም አሻራውንም አብሮ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ራስጌው ብቻውን የሰነዱን ምንጭ አያረጋግጥም። ምንጩን ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ዲጂታል ፊርማ ነው፤ በኢትዮጵያ ይህ የሚመራው በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ነው።

ስለሆነም ተገልጋዮች አድራሻውን ራሳቸው ጽፈው በመግባት፣ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምርና በጎቭ ነጥብ ኢቲ የሚያበቃ መሆኑን አይተው እንዲያወርዱ ይመከራል። በቴሌግራም የተላለፈ ቅጽ ከላኪው ጋር የመጣ ራስጌ ስለሌለው በዚህ መንገድ ሊመረመር አይችልም። የሒሳብ ቁጥር የያዘ ቅጽ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቁጥሩን አገልግሎቱን በሚሰጠው ጽሕፈት ቤት በአካል ወይም በስልክ ማጣራት ያስፈልጋል።