ክርከማን ቁጠባ አንበለው

«የቁጠባ ፖሊሲ» የሚለው አባባል በዜና ትርጉሞቻችን ውስጥ ሥር እየሰደደ ነው። የግሪክ መንግሥት ጡረታ ሲቀንስ፣ የብሪታንያ መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደሮች (ለካውንስሎች) የሚሰጠውን ገንዘብ ሲያሳንስ፣ ተርጓሚው «የቁጠባ ፖሊሲ ተግባራዊ ሆነ» ብሎ ያልፋል። ይህ አባባል ያናድደኛል። ቁጠባ በእኛ ዘንድ ምስጉን ቃል ነው። የቁጠባ ደብተር እንላለን፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበር እንላለን፣ ጨዋውን ሰው ቁጥብ እንለዋለን። ቆጣቢ የሚያስቀምጠው የራሱን ነው፤ ያስቀመጠውም ለራሱ ወይም ለልጁ ይተርፋል። ጡረታው የተቀነሰበት የአቴና ሽማግሌ ግን ምን አስቀመጠ? ለማንስ ተረፈለት?

ጽንሰ ሐሳቡን አንባቢ ያውቀዋል። ዕዳ የከበደው መንግሥት ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ሕክምናና ድጎማ ይቀንሳል፤ ግብር ይጨምራል። እንግሊዝኛው «ኦስተሪቲ» የሚለው ነው። የቃሉ ሥር ግሪክኛ ሲሆን «አውስቴሮስ» ምላስ የሚያደርቅና አፍ የሚያኮማትር ጣዕም ማለት ነበር። የዛሬዎቹ ግሪኮች ግን ፖሊሲውን «ሊቶቲታ» ይሉታል፤ ቀላልነት፣ አለማብዛት እንደማለት። ያ ጨዋ ቃል ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየአደባባዩ ሲወገዝ ኖሯል። እኛም ምስጉን ቃላችንን ለዚህ ዕጣ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አንዳንዶች «ቀበቶ ማጥበቅ» ይላሉ። በአማርኛ መቀነቱን ያጠበቀ ሰው ለሥራ ወይም ለመንገድ የተነሣ ነው። ለረሃብ ያለን አባባል «አንጀት ማሰር» ነው፤ እሱም ልጆቿን ለማሳደግ ከራሷ አፍ ለነጠቀች እናት የሚነገር ነው። ማንም አላስገደዳትም። ግእዝ የሚወዱ ደግሞ «ተሐርሞ»ን፣ ራስን መከልከል የሚለውን፣ ያቀርባሉ። ቃሉን እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን መነሻው «ተ» ድርጊቱን ወደ አድራጊው ይመልሰዋል። መናኙ የሚከለክለው ራሱን ነው። እዚህ ከልካዩ አንድ፣ የሚከለከለው ሌላ ነው። «የበጀት ቅነሳ» ስሕተት የለበትም፤ ግን የአንድ ዓመት ውሳኔን እንጂ ለዓመታት የዘለቀ አካሄድን አይሸከምም።

የእኔ ምርጫ «የበጀት ክርከማ» ነው። ከረከመ ስንል ጠጉር፣ ጢም፣ አጥር፣ ዛፍ ይታወሰናል። ከርካሚ አለ፤ የሚከረከም አለ፤ መቀስ የያዘውና ሥር የተቀመጠው አይምታቱም። ለፖሊሲው ደጋፊዎችም ቃሉ ፍትሐዊ ነው፤ የተከረከመ ዛፍ ያቆጠቁጣል የሚሉት እነሱ ናቸውና። ተቃዋሚው ደግሞ እስከ ግንዱ ወርዶ የቆረጠ አትክልተኛ ምን እንደሚያተርፍ መጠየቅ ይችላል። ክርክሩ በአንድ ቃል ውስጥ መካሄድ ይችላል፤ «ቁጠባ» ግን ገና ከመነሻው ለአንዱ ወገን ይፈርዳል።

ሌላም ነገር አለ፤ የአማርኛ ትልቅ ሀብት የምለው። ግሳችን ጉዳቱ ያረፈበትን ሰው «ብ» በምትባል ፊደል ይይዛል። ለንደን ያሉ ወገኖቻችን የመንግሥት ድጎማቸው ሲቀነስ «ቤኔፊት ተቆረጠብን» ይላሉ፤ በማን ላይ እንደደረሰ በአንዲት ፊደል ተነገረ። «ቆረጣ» ታዲያ ለምን አይበቃም? መብራት ሲቆረጥ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ይህ ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተነሣ የሚቀጥል ነው። «ተከረከመብን» ግን ተጎጂውንም ጥቂት በጥቂት መነሣቱንም ይዟል።

በማን ላይ የሚለው ጥያቄ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ግሪክ በግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. 110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ስትቀበል ክርከማው የብድሩ ግዴታ ሆኖ መጣ። በ2012 ዝቅተኛው ደመወዝ በ22 በመቶ ተከረከመ፤ ከ25 ዓመት በታች ላሉት በ32 በመቶ። ሥራ አጥነት ከ27 በመቶ አለፈ። ሥራውን ያጣ ሰው ከጊዜ በኋላ የሕክምና መድኑንም ያጣ ነበር። በዚያው በ2012 ምርጫ፣ ከሦስት ዓመት በፊት 1 በመቶ ድምፅ እንኳ ያልነበረው «ወርቃማው ንጋት» የተባለ ፓርቲ 7 በመቶ ገደማ አግኝቶ ፓርላማ ገባ፤ ለግሪካውያን ብቻ እያለ ምግብ ያድል ነበር። ፖሊስም በነሐሴ ስደተኞችን ከጎዳና የሚያፍስ ዘመቻ ጀመረ። ለዘመቻው የተሰጠው ስም «ክሴኒዮስ ዜኡስ» ነው፤ የእንግዶች ጠባቂ የሆነው ጥንታዊ አምላክ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 85 ሺህ የሚጠጉ የውጭ ሰዎች ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ፤ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተገኙት ግን 6 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንጀራው የተከረከመበት ሕዝብ ቁጣ ምንም ወዳልከረከመው እንግዳ ሲዞር እንዲህ ነው። ሁሉም ግን አልዞረም። በተሰሎንቄ የረሃብ አድማ የመቱ ስደተኞችን ጤንነት የተከታተሉ ሐኪሞች በ2011 ነጻ ክሊኒክ ከፈቱ፤ መድናቸውን ያጡ ግሪኮችም እዚያው ይታከሙ ጀመር።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ ቃሉ ለዝርዝሩም የሚመች መሆን አለበት። በጥር 2015 ግሪክ ውስጥ ሥልጣን የያዘውን ሲሪዛን «ፀረ ክርከማ ፓርቲ» ማለት ይቻላል፤ «ፀረ ቁጠባ» ብንለው አባካኝ ይመስላል። የብሪታንያውንም ዜና እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦ በነሐሴ 2015 ከ16 ዓመት በታች ላሉ የጥገኝነት ጠያቂ ልጆች ይሰጥ የነበረው ሳምንታዊ አበል ከ52.96 ወደ 36.95 ፓውንድ ተከረከመባቸው።