የወረፋው ሰዓት ከየት ይቆጠራል? የብሪታንያ ሆስፒታሎች ተጠባባቂዎች ታሪክ

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያን ድኻ በሽተኞች ከሚያክሙት መካከል በበጎ አድራጊዎች መዋጮ የሚተዳደሩ ሆስፒታሎች ይገኙ ነበር፤ ወደ እነዚህ ለመግባት ከአዋጪዎቹ ባለጸጎች የአንዱ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቅ ስለነበር፣ በሽተኛው ሐኪም ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ የደብዳቤ ሰጪውን ደጅ መጥናት ነበረበት። ሐኪሙ ዊልያም ማርስደን በ1828 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን የከፈቱትና በኋላ ሮያል ፍሪ የተባለው የሕክምና ተቋም ያለ ደብዳቤ በመቀበሉ ከሌሎቹ ይለይ ነበር።

በጤና ሚኒስትሩ በአኑሪን ቤቫን መሪነት የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጁላይ 5 ቀን 1948 ሥራ ሲጀምር ሕክምናውን ለሁሉም በነጻ ቢያደርግም፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከቀድሞዎቹ ሆስፒታሎች ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ተጠባባቂ ወረሰ። ይህ ውዝፍ በጊዜ ብዛት ተሠርቶ ያልቃል የሚለው ተስፋ ሳይሠምር የቀረበት አንዱ ምክንያት፣ ሕክምናው ራሱ አዲስ ወረፋ መፍጠሩ ነው፤ ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሻሻሉት የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ከመስፋፋቱ በፊት ሕመሙን ችሎ የሚያነክሰው አረጋዊ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበረም። ለሕይወት የማያሰጋው ሕመም ደግሞ ድንገተኛ በሽተኛ በመጣ ቁጥር ተራውን ስለሚለቅ፣ የዳሌ፣ የቡአና የዓይን ሞራ ታካሚዎች ለረጅም ጊዜ ይጠብቁ ነበር።

የተጠባባቂዎች መዝገብ ይባል የነበረው ስፔሻሊስቱ አልጋ ይያዝለት ብሎ የወሰነለትን ሰው ብቻ የያዘ ሲሆን፣ በጠቅላላ ሐኪም ተልኮ ስፔሻሊስቱን እስኪያይ ያለው ጊዜ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነበር። በጆን ሜጀር ዘመን በ1991 የወጣው የታካሚዎች ቻርተር ከሁለት ዓመት በላይ ማንም እንዳይጠብቅ ቃል የገባውም ከመዝገብ ጊዜ አንሥቶ ነው። በ1997 ሥልጣን የያዘው የሌበር ፓርቲ ተጠባባቂዎችን በ100,000 ለመቀነስ ሲተጋ፣ ስፔሻሊስት ለማየት ብቻ የሚጠብቁት በዙ። ቁጥሩን ግብ ማድረግ፣ የትኛው በሽተኛ ምን ያህል እንደጠበቀ ሳይጠየቅ እንዲታለፍ ያመቻል፤ ስለዚህ ቆጠራውን ከጠቅላላ ሐኪሙ ሪፈራል አስጀምሮ ሕክምናው እስኪጀመር 18 ሳምንት ብቻ የፈቀደውና በ2008 መጨረሻ እንዲሟላ የታቀደው ደንብ ከሁሉ የሚልቅ ማሻሻያ ነበር።

የጊዜ ገደብም ግን ከችግር አልጸዳም፤ በድንገተኛ ክፍል የተደነገገው የ4 ሰዓት ገደብ ቆይታን ቢያሳጥርም፣ ገደቡ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ወደ አልጋ የሚላከው ታካሚ በድንገት መብዛቱ፣ የሕክምናው ውሳኔ አንዳንዴ ለሰዓቱ ሲባል ይፈጸም እንደነበር ያስጠረጥራል።

ከተጠባባቂዎቹ 92 በመቶው ከ18 ሳምንት በታች የቆዩ እንዲሆኑ የሚያዝዘው መለኪያ በእንግሊዝ ከ2016 መጀመሪያ ወዲህ ለዓመታት አልተሟላም፤ ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ በ2023 ቁጥሩ ከ7.5 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ይህ ግን የሚቆጥረው ሰዎችን ሳይሆን ጉዳዮችን በመሆኑ በሁለት ሕመም የተላከ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይገባበታል፤ የሚቆጠረውም ከሪፈራል ጀምሮ ስለሆነ፣ በ1948 ከተወረሰው ግማሽ ሚሊዮን ጋር እንዲሁ ሊነጻጸር አይችልም።