ልብ የወለደው፣ ወር የቆጠረው

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል መተማ ዮሐንስ የወረደ ሰው አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ ሲገናኙ ይሰማል። ስለ ልብ ወለድ ሥርወ ቃል ለመጻፍ ስነሣ ልቤ ወደዚህ ጠረፍ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ለመጻሕፍታችን ያወጣንላቸው ስሞች ግእዝና ዐረብኛ ተጎራብተው የሚኖሩባቸው ናቸው።

‹ታሪክ› ዐረብኛ ነው፤ ‹ታእሪኽ›። ቀን መቁጠር፣ ዘመን መለየት ማለት ነበር። ከሥሩ ጨረቃንና ወርን የሚጠራ ጥንታዊ ሴማዊ ቃል አለ፤ በግእዝ ‹ወርኅ› የምንለው። አማርኛ ‹ኅ›ን ጥሎ ‹ወር› አለው። እንግዲህ ‹ታሪክ› እና ‹ወር› ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ አገር ቤት ሆኖ ‹ኅ›ን አጣ፣ ሌላው በዐረብኛ በኩል ዞሮ ሲመጣ ‹ኅ›ው ‹ክ› ሆነለት። በዐረብኛው ‹ታ› ባዕድ መነሻ ናት። እኛ ግን ከሥሩ ቆጠርናትና ‹ተረከ› የሚል ግስ አበጀን፤ ትረካ፣ ተራኪ፣ ትርክት ተከትለው መጡ።

‹ደራሲ›ም እንዲሁ ከድንበር ወዲህም ወዲያም ዘመድ አለው። የግእዙ ‹ደረሰ› ማዘጋጀት፣ መጻፍ ነው፤ ድርሰትና ድርሳን የእሱ ናቸው። የዐረብኛው ‹ደረሰ› አጠና ማለት ሲሆን ‹መድረሳ› ከእሱ ይወጣል። ከ‹መጣ› ጋር የሚሄደው ‹ደረሰ› ግን ሌላ ነው። ትእዛዙን ጠይቁት፤ መንገደኛውን ‹ድረስ›፣ ጸሐፊውን ‹ደርስ› እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ‹ልብ ወለድ ታሪክ› ነበር። ኋላ በጀግናዋ ስም ‹ጦቢያ› ተባለ፤ ‹ጦቢያ› ደግሞ ኢትዮጵያ በሕዝብ አፍ ስትጠራ ነው። የልጅቱ ወንድም ዋሕድ በባርነት ይወሰዳል፤ እሷም የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ‹ዋሕድ› በግእዝ አንድያ፣ ብቸኛ ማለት ነው።

በአፈወርቅ ርእስ ‹ልብ ወለድ› ገና ቅጽል ነው፤ ስሙ ‹ታሪክ› ነው። በኋላ ስሙ ወደቀና ቅጽሉ ብቻውን ቆመ። ‹ልብ› እዚህ የደም መመላለሻው ሥጋ አይደለም፤ በግእዝ ልብ ማሰቢያ ነው። ልቡና፣ ልባም፣ ‹ልብ በል› ያንኑ ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ ‹ልብ ወለድ› ሲባል ውሸት የሚመስለው ሰው ቃሉን አልሰማውም። አሳብ ያረገዘው፣ አምጦ የወለደው ማለት ነው።

የወደቀው ‹ታሪክ› በአንድ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰው ምክንያት ተመልሶ መጣ። ከቋራ የተነሣው ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የብርሃኑ ዘሪሁን ‹የቴዎድሮስ እንባ› (1958 ዓ.ም.) እና የአቤ ጉበኛ ‹አንድ ለናቱ› (1961 ዓ.ም.) ባለታሪክ ሆነ። ‹ታሪካዊ ልብ ወለድ› ስንል ወሩና ልቡ ዳግም ተጣመሩ። ‹ለናቱ› ‹ለእናቱ› ነው፤ ‹እ› በአነጋገር ተውጣለች። ርእሱን ወደ ግእዝ ብንመልሰው የጦቢያን ወንድም ስም እናገኛለን፤ ዋሕድ! ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጌ ይህን ያየሁ ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ጽሑፌን የጀመርሁባት መተማ ራሷ ‹ዮሐንስ› የተባለችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ በወደቁት በንጉሠ ነገሥቱ በዐፄ ዮሐንስ ስም ነው። ከእሳቸው ጋር የተዋጉትን ‹ድርቡሽ› አልናቸው። ቃሉ ከፋርስ የተነሣ ‹ደርዊሽ› ነው፤ ‹ው› ‹ብ› ሆነች፣ ድኻ መናኝ የነበረውም በእኛ አፍ ጦር አንጋቢ ሆነ።

ስለ ልጆች መጻሕፍት አንድ ነገር ላክል። የልጅ ተቃራኒ የሆነው ‹ዐዋቂ› ያወቀ ነው፤ ግልጽ ነው። ‹ልጅ› ግን የግእዙ ‹ወልድ› ነው፤ ‹ወ› ወደቀች፣ ‹ድ› ለስልሳ ‹ጅ› ሆነች። ‹የልጆች ልብ ወለድ› ባልን ቁጥር አንዱን ሥር ሁለት ጊዜ እንጠራለን።

ዛሬ ብዙዎች ‹ልቦለድ› ብለው ይጽፋሉ፤ አነጋገሩን ይከተላል፣ ስሕተትም አልለውም። እኔ ግን ሁለቱን ቃላት ለይቼ እጽፋለሁ፤ ለልጆች የምታሳትሙም እንዲሁ ብታደርጉ እወዳለሁ። ልጁ ሽፋኑን ሲያነብ ‹ወለድ› የምትለውን ቃል በዓይኑ ይያት።