በር ላይ የቆሙት

የ2012 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ኦሊምፒክ ሲነሣ ሁላችንም ጥሩነሽን፣ መሠረትን፣ ቲኪ ገላናን እናስታውሳለን። መቼስ ወርቁ የኛ ነው! በሩን ማን ይጠብቅ እንደነበረ ግን ጠይቀን አናውቅም።

የጥበቃውን ሥራ የያዘው ጂ ፎር ኤስ የተባለ ኩባንያ ነበር። በ2010 ሲዋዋል 2,000 ሰው ሊያቀርብ ነበር፤ በ2011 መጨረሻ ቁጥሩ 10,400 ሆነ፤ የውሉም ዋጋ 284 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ለመክፈቻው የቀረው ስምንት ወር እንኳ አይሞላም። ታዲያ ለጥቂት ሳምንት ሥራ ማን ይመጣል? ተማሪው፣ ሥራ ያጣው፣ እንደኛው ያለ ወጣት ነዋ! ተመዘገቡ፣ ሠለጠኑ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ የት እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚገቡ የሚነግራቸው አጥተው ስልክ ሲጠብቁ ከረሙ።

መክፈቻው ጁላይ 27 ነበር። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰው አለመሙላቱ ታወቀና መንግሥት 3,500 ወታደር ጨመረ፤ ቆይቶም 1,200። ዕረፍቱ የተሰረዘበት ወታደር ቦርሳ ፈታሽ ሆነ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ኒክ በክልስ ፓርላማ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ የ57 ሚሊዮን ፓውንዱን የአስተዳደር ክፍያ ግን አልተውም አለ።

ከወጣቶቹ መካከል ተጠርቶ የቀረ አለ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ነሐሴን ብቻ የሚያበላ ሥራ የያዘ ሰው የተሻለ አግኝቶ ቢሄድ ምን ይገርማል? ተረኛነቱ ያልተነገረውንስ ቀረ ማለት ይቻላል ወይ? እኛ አይቻልም እንላለን።

ከነሱ ጎን 70,000 የሚያህሉ በጎ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ መንገድ ሲያሳዩ ሰነበቱ። ሴፕቴምበር 9 ፓራሊምፒኩ ሲዘጋ የሁሉም ሥራ አብሮ አለቀ።